ሻርፕሽን አነበብኩት

ሐዋሳ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ እንዲያም ሆኖ አመሻሽ ላይ እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግሩ መሄዱን አልተወም። እህትሽ ገፍታለች። ለታኅሣሥ መጨረሻ ነው ተብላለች፤ እኔ ግን ሆዷን ሳየው ለገብርኤል የምትደርስ ይመስለኛል።

የሠራሽልኝ ሻርፕ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። «ለጠዋት ቅዳሴ ትለብሺዋለሽ» ያልሽው ልክ ነው፤ ሐዋሳ ቀን ቀን ብትሞቅም ጎህ ሳይቀድ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አንገት ይይዛል። ግን ገና አልለበስኩትም። እስካሁን ሳነበው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ብርሃን ሳለ አልጋ ላይ ዘርግቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ከጀመርሽበት ጫፍ እስከ ጨረስሽበት ረድፍ በረድፍ አየሁት። አርባ ዓይን፣ አርባ የክር ቀለበት ነው የጀመርሽው፤ ሁለቱን በፊት፣ ሁለቱን በጀርባ እየሠራሽ። የመጀመሪያው ስንዝር ጠርዙ ልቅ ነው፤ እጅሽ ከክሩ ጋር ገና አልተዋወቀም። ከዚያ ወዲያ ይጠብቃል፣ እንዲያውም ትንሽ ይበዛበታል፤ ያን ሰሞን ቢሮ ላይ ነገር በዝቶብሽ ነበር ብዬ ገመትኩ። ሁለተኛው ስንዝር መጨረሻ ላይ አንድ ዓይን ተርፎሻል፣ 41 ሆኗል፤ ቀጥሎ ባለው ረድፍ ሁለቱን አንድ ላይ ይዘሽ መልሰሽዋል። ከሩቅ የሚያይ ሰው አያገኘውም።

ልቤን የነካው ግን መሐል ላይ ያለው ነው። ከግራ ጠርዝ ዘጠነኛው ዓይን አንድ ቦታ ላይ አምልጦሽ ነበር። አራት ረድፍ ወርዶ እንደ መሰላል ተተርትሮ ነበር። አንቺ ደግሞ በኪሮሽ ጫፍ አንድ በአንድ እየሳብሽ አውጥተሽዋል። እንዴት አወቅሽ ትዪኝ ይሆናል። እዚያ ላይ አራቱ ዓይኖች ከጎረቤቶቻቸው ትንሽ ጠበብ ብለዋል፤ ያመለጠ ዓይን መልሶ ሲወጣ ከክሩ ጥቂቱን ግራና ቀኝ ያሉት ዓይኖች ይወስዱበታልና።

ይኼን ለእኔ አልነገርሽኝም። የነገርሽኝ ሌላ ነው። ባለፈው እሑድ በስልክ፣ «እማ፣ ሹራብ የሚሠራ ሰው ሌላ ነው፤ እኔ ከሻርፕና ከኮፍያ አላልፍም» አልሽኝ። ያን ጊዜ የምመልሰው አጣሁ። አሁን ግን ሻርፑ እጄ ላይ አለ። አራት ረድፍ የወረደ ዓይን መልሶ ያወጣ እጅ ሹራብ ላይ ከሚገጥመው ችግር ዋናውን አልፎታል። የቀረው ዓይን መጨመርና መቀነስ ነው፤ ኮፍያ ስትሠሪ አናቱ ላይ ስትቀንሺ ኖረሻል። እስካሁን አሥራ አንድ ሻርፕ ቆጥሬልሻለሁ። አሥራ ሁለተኛውን አትጀምሪ።

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ እኔንም ይዞኝ ነበርና። ይኼን ታሪክ ከአባትሽ በቀር ማንም አያውቀውም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

በ1990 ዓ.ም. ለአባትሽ ሹራብ ልሠራለት ተነሣሁ። አረንጓዴ ሱፍ ነበር፤ ለዚያ ክር ብዬ ከደመወዜ ሁለት ወር አጠራቅሜ ነበር። ከአንዲት ጓደኛዬ የተዋስኩት ወረቀት በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ 20 ዓይን ይላል፤ ደረቱ 100 ሳንቲሜትር ስለሆነ 200 ዓይን ጀመርኩ። ሒሳቡ ትክክል ነው። የእኔ እጅ ግን ልቅ ነው፤ በ10 ሳንቲሜትር የሚገባልኝ 18 ዓይን ብቻ ነበር። እሱን ሳልለካ ገባሁበት። 200 ዓይን ለ18 እጅ 111 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሁለት ዓይን ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ደረቱ ላይ ሲደርስ ግን ከአንድ ጣት ርዝመት በላይ ሰፋ። አባትሽ ለብሶት መስታወት ፊት ቆሞ «ቆንጆ ነው» አለኝ፤ ትከሻው ግን ወደ ክንዱ ወርዶ ነበር። ማታ አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከብርድ ልብሱ ሥር ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ አልነካሁም።

ያወጣችው አያትሽ ናት። እኔ አንቺን አርግዤ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ብርድ ልብስ ስትፈልግ አገኘችው። አያትሽን ታውቂያታለሽ፣ ዕድሜዋን በሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። እንዝርቷ ላይ ክር ሲበጠስ ተበሳጭታ አይቻት አላውቅም፤ ሁለቱን ጫፍ መዳፏ ላይ አሸት አድርጋ ታገናኝና ትቀጥላለች። ሹራቡን ብርሃን ላይ ይዛ አገላበጠችው። ምንም አላለችኝም። የመጨረሻውን ቋጠሮ ፈልጋ ፈታችና ክሩን ሳብ አደረገችው።

እኔ ጮህኩ። ሁለት ወር የሠራሁት ነዋ! እሷ ግን እየተረተረች እየጠቀለለች፣ «ክሩ ምን ሆነ? ይኸው አለ» አለችኝ። ከሰዓት በኋላውን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሁለታችን ተረተርነው። የተተረተረ ሱፍ ይጨማደዳል፤ የወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥመን፣ አራት ቦታ ላላ አድርገን አስረን፣ ለብ ባለ ውኃ ነከርነው፤ ከዚያ ሰቅለን ከታች ትንሽ ክብደት አንጠለጠልንበት። በነጋታው እንደ አዲስ ቀጥ አለ። ከዚያ ክር ለአባትሽ ሰደርያ ወጣለት፤ ከቀረው ደግሞ ትንሽ ጃኬት። በ80 ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ የለበስሽው አረንጓዴው ጃኬት ያ ነው። ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ፤ ስትመጪ ቀረብ ብለሽ እዪው።

እኔ ሹራብ መሥራት የቻልኩት ያን ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱን ረድፍ የምሠራው ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ክር መተርተር እንደ መሥራት ሁሉ የሥራው አካል ሆነብኝ።

ስለዚህ የምልሽን ስሚኝ። የመጀመሪያው ሹራብሽ ለእህትሽ ልጅ ይሁን። የሕፃን ሹራብ ከትልቅ ሰው ሹራብ የሚጎድለው አንድም ነገር የለም፤ አንገት አለው፣ ብብት አለው፣ እጅጌ አለው። ቢበላሽ ግን የሚተረተረው የሦስት ማታ ሥራ ነው።

ክሩን ገበያ ወርጄ ራሴ መርጬ ልኬልሻለሁ። ጥጥ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ቀመስ ከተማ ናት፤ ሱፍ ለሕፃን እዚህ ይሞቃል። እናንተ ጋ ደብረ ብርሃን ባና የሚሠራበት የመንዝ በግ ፀጉር ደግሞ ብርድ ልብስ ሲሆን ግሩም ነው፣ ለጨቅላ ቆዳ ግን ይሻክራል። ጥጥ እንደ ሱፍ አይለጠጥም፤ ጣትሽ ቶሎ ሊደክም ይችላልና ከአንድ ሰዓት በላይ አትቀመጪበት። አምስቱም ጥቅል ወረቀታቸው ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ ነው፤ ሻጩን እስኪሰለቸኝ አስፈልጌዋለሁ። ቁጥሩ ከተለያየ ሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስለው ቀለም ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይለያያል።

አምስተኛው ጥቅል ለመለኪያ ነው። 30 ዓይን ጀምሪና ከመዳፍሽ ሰፋ የሚል ሥሪ። እጠቢው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርቂው፤ ከዚያ ጠርዙን ትተሽ መሐሉ ላይ 10 ሳንቲሜትር ለኪና ዓይኑን ቁጠሪ። ሳታጥቢ አትለኪ፣ ጥጥ ውኃ ካየ በኋላ ሌላ ነው። 22 ዓይን ከመጣልሽ ልክ ነው። 24 ከሆነ እጅሽ ጠብቋል፣ መርፌውን በግማሽ ሚሊሜትር ወፍራም አድርጊው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ጣት ያደርቃልና 24 ቢመጣ አይግረምሽ። እባክሽ ይኼን እንዳትዘዪ። የአባትሽ ሹራብ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

የሕፃን ራስ ከአንገቱ ስለሚተልቅ ፊቱ ክፍት፣ በቁልፍ የሚዘጋ ይሁን። እንዲህ ሲሆን እንደ ሻርፕሽ ወዲያና ወዲህ እየተመለስሽ ነው የምትሠሪው፤ አዲስ ነገር የለውም። ከአንገቱ ጀምሪ፣ 44 ዓይን። ስምንት ለአንዱ ፊት፣ ስድስት ለእጅጌ፣ አሥራ ስድስት ለጀርባ፣ ስድስት ለሌላው እጅጌ፣ ስምንት ለሌላው ፊት። በአራቱ መገናኛዎች ላይ ምልክት ክር እሰሪ። በየሁለት ረድፉ በእያንዳንዱ ምልክት ግራና ቀኝ አንድ አንድ ዓይን ትጨምሪያለሽ፤ በአንድ ጊዜ ስምንት ማለት ነው። አሥራ አምስት ጊዜ ከጨመርሽ 164 ይሆናል። ያኔ የእጅጌዎቹን ሠላሳ ስድስት ሠላሳ ስድስት ዓይን በትርፍ ክር ላይ አሳርፊያቸው፣ ብብት ሥር በሁለቱም በኩል ዘጠኝ ዘጠኝ ጨምሪና አካሉን በ110 ዓይን ወደ ታች ውረጂ። 110 ለ22 እጅ ልክ 50 ሳንቲሜትር ነው። ከላይ ወደ ታች የሚሠራ ሹራብ ጥቅሙ ይኼ ነው፤ እየለካሽው ትሄጃለሽ፣ ቢያጥር ትጨምሪበታለሽ፣ ቢረዝም ከታች ትተረትሪዋለሽ።

ባለፈው በቴሌግራም የላክሽልኝ፣ እንግሊዝ አገር ተወልዳ አሜሪካ የኖረችው የሹራብ ሠሪዋ የኤልሳቤጥ ዚመርማን ሒሳብ ትዝ ይልሻል? የአካሉን ዓይን አንዴ ካወቅሽ ሌላው ሁሉ ከእሱ በመቶኛ ይወጣል ያለችው። አንገቱን 44 ያደረግኩት ከዚያው ነው፣ የ110 አርባ በመቶ። የእጅጌውን ጫፍ ግን ሃያ በመቶ ያለችውን እዚህ ላይ ተዪው። 22 ዓይን ይሆንና የሕፃን ድንቡሽቡሽ ክንድ አይገባበትም። 34 ላይ ቁሚ። ለአባትሽ ስትሠሪ ሃያ በመቶው ይሠራል፤ 200 ዓይን ላይ 40።

ያሳየሽኝ ሹሩባ ያለበት ሹራብ እንዳማረሽ አውቃለሁ። እሱም ይደርሳል። ሹሩባ ማለት ሦስት ዓይን በትርፍ መርፌ ይዞ፣ ቀጣዮቹን ሦስት አስቀድሞ ሠርቶ፣ የተያዙትን መመለስ ነው። አንቺ የታናሽሽን ፀጉር ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትሠሪ የኖርሽ ልጅ ነሽ፣ የቱ በየቱ ላይ እንደሚሻገር እጅሽ ያውቃል። ሲሻገር ጨርቁን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋልና ሹሩባ ከሌለው ሜዳ ይልቅ ብዙ ዓይን ይበላል፤ መጀመሪያ ኮፍያ ላይ ሞክሪው። ለሕፃኑ ግን ሜዳ ይሁን።

እጅጌዎቹን ለይተሽ ብብት ሥር ዘጠኙን ዓይን ስትጨምሪ አንድ ማታ ትጨነቂያለሽ፣ መገናኛው ላይ ቀዳዳ ቢጤ ይከፈትብሻል። ሁሉም ላይ ይከፈታል። መጨረሻ ላይ በክሩ ጫፍ በመርፌ ትዘጊዋለሽ። ያን ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደውዪልኝ፤ በቪዲዮ አሳዪኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቢተረተርም አብረን እንተረትረዋለን።

አባትሽ «ክሩን ብቻ ላኪላት፣ ልጄ ታውቅበታለች» ብሎኝ ነበር። ደብዳቤው ረዘመብኝ።

እቃው በነገው አውቶቡስ አዲስ አበባ ለአጎትሽ ይደርሳል፤ እሱ ቅዳሜ ያመጣልሻል። አንደኛውን ጥቅል ስትፈቺ መሐሉ ላይ በወረቀት የተጠቀለሉ አምስት ቁልፎች ታገኛለሽ። የአረንጓዴው ጃኬትሽ ቁልፎች ናቸው። አንደኛው ጠርዙ ትንሽ ተሸርፏል፤ እሱን ከታች አድርጊው።

እናትሽ