የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ብረቱና ፕላስቲኩ

የፎቶግራፍ ክበብ ሲባል የወላጆች ቀን ፎቶ የሚያነሳ ቡድን ብቻ የሚመስላቸው አሉ። መምህራን ክፍል ውስጥም አሉ። ዘንድሮ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተናል።

የዓርቡ ስብሰባ እንደተለመደው በፊዚክስ ላብ ተካሄደ። ስለ ብርሃን ተማርን፣ ስለ ሌንስ ተጨቃጨቅን፣ ግንቦት ላይ ለፈተና ቆመ።

ወደ ባሌ ልሂድ። ታኅሣሥ ላይ ከሐዋሳ ተነስተን፣ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርገን ጎባ አደርን። 14 ተማሪዎች፣ ሁለት ካሜራ፣ ሁለት ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)። አንዱ የጥንቱ ብረት ነው፤ 4 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ሌላው በመዋጮ የገዛነው ፕላስቲክ፣ ከኪሎ በታች። ቀለል ይበል ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ንፋስ ገና ሲነካው ወደቀ፤ የአንድ እግሩ መቆለፊያ ተሰበረ። የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ደግሞ ከነሚሞሪው ጠፋ። ስለሱ ባላወራ ይሻለኛል።

በማግስቱ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ከጅብራ ተክል አጠገብ አንድ ቀይ ቀበሮ ቆሟል። የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ ንቅንቅ አይልም። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው።

ብረቱን ሁለት ሰዓት በትከሻዋ ተሸክማ የወጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቀስ ብላ ተንበረከከች። እኔ እንዳስተማርኳት መሐል ዘንጉን ወደ ላይ አልሳበችም። ጭራሽ ወደ ታች ጨርሳ አስገባችው።

«ቲቸር፣ ንፋሱ የሚይዘው አንገቱን ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

ወፍራሞቹን የእግር ክፍሎች ብቻ ከፈተች። ቆሎና ውኃ የያዘ ቦርሳዋን ከሥሩ አንጠለጠለች፤ እንዳይወዛወዝ መሬት እስኪነካ ድረስ። ካሜራውን ከሁለት ሴኮንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሳ ሞልታ እጇን አነሳች። ትንፋሼን ይዤ ነበር። የቀበሮው የጆሮ ጠጉር ሳይቀር ይቆጠራል።

ፎቶው አሁን ርእሰ መምህሩ በር አጠገብ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ይታያል፣ ይደነቃል። በጀት ስንጠይቅ ግን «ስልክ አላችሁ አይደል?» እንባላለን።

የምንፈልገው አንድ ዕቃ ነው፤ አዲስ ትራይፖድ። ካርቦን ፋይበር፣ ከኪሎ ተኩል ያልበለጠ፣ ከሥሩ ቦርሳ ማንጠልጠያ ያለው። እግሩ አራት ክፍል ይበቃዋል፤ ባለ አምስቱ ሲታጠፍ ቢያጥርም የመጨረሻው ክፍል እንደ እርሳስ ቀጭን ነው። ቁመቱ እስከ ደረት ከደረሰ አንከራከርም። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለክረምት ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ በሰያፍ ይገባል።

እስከዚያው የፕላስቲኩን እግር በከመነዳሪ አስረነዋል። ላብ ውስጥ፣ መስኮት ሲዘጋ፣ ይሠራል።