ነሐሴ ለክተን ጥር ለካን

ወንድማለም፣

አለሁ። መጀመሪያ ስድብህን ጨርስ፣ እጠብቅሃለሁ። ጨረስክ? ለአባትህ አርባ አልመጣሁም፣ ከዚያ ወዲህም ስልክህን ባየሁ ቁጥር እያፈርኩ ዝም አልኩ፤ ዝምታ ደግሞ እየቆየ ሲሄድ ለመስበር ይከብዳል። ይቅር በለኝ። የቀረውን ስንገናኝ በአካል ትነግረኛለህ።

የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው። "ሲቸግረው ነው ትዝ የምለው" ትላለህ፤ ምን ልበልህ፣ እውነትህን ነው።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ በደራና በፎገራ በኩል የአንድ የሕፃናት የምግብ እጥረት ፕሮግራም ግምገማ ላይ ነኝ። መጀመሪያ ነሐሴ ላይ ለካን፣ መጨረሻውን ጥር ላይ። ውጤቱ ያምራል። የክንድ መለኪያው ቀይ ላይ የነበሩት፣ ማለትም ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች የነበሩት፣ ብዙዎቹ ቢጫ ገብተዋል፣ አረንጓዴ የደረሱም አሉ። አለቆቼ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ሪፖርቱን ፈርም እያሉኝ ነው።

አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፣ ነሐሴን ላንተ አላስረዳህም። ጎተራው ባዶ፣ እናት አረም ላይ፣ ልጁ ተቅማጥ ይዞት ከታላቁ ጋር ቤት ይውላል። ጥር ላይ ግን ሩዙም ጤፉም ገብቷል። ማንም ዞር ብሎ ባያየው እንኳ ያ ልጅ ከነሐሴው በጥር ይሻላል። እና የለካነው ፕሮግራሙን ነው ወይስ መኸሩን? ይህን ስብሰባ ላይ ብጠይቅ አንዱ "አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ" አለኝ። ሻይ መጣ፣ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ሌላም አለ። ጣና ሐይቅ ዳር አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ፕላምፒ ነት፣ ያ ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው የለውዝ ምግብ፣ ለታናሹ ተሰጥቷታል፣ አንዱ ከረጢት 92 ግራም፣ 500 ካሎሪ፣ ሁሉም ለእሱ ብቻ ተብሎ። ታላቅየው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን ከረጢት ገልብጦ ይልሳል። ጥያቄዬን ሳልጨርስ "ላንዱ እያጎረስኩ ሌላውን ላባርረው?" አለችኝ። ምን እመልሳለሁ? በመዝገባችን ግን "ድርሻውን በትክክል ወስዷል" ተብሎ ተሞልቷል። ባልየው ዓሣ አጥማጅ ነው። የያዘው ቀረሶ ዓሣ ጎህ ሲቀድ በባጃጅ ባሕር ዳር ይገባል፣ ልጆቹ ሽሮ ይበላሉ። ክልሉ እህል ያመርታል፣ ግን በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መቀንጨር፣ ማለትም ልጅ ለዕድሜው ማጠሩ፣ በአገር ደረጃ 37 ከመቶ ሲሆን በአማራ 41 ነበር። እንግዲህ መንግሥት መቀንጨርን አጠፋለሁ ያለበት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ከተገባ በኋላ ነው ይሄ።

አሁን ደግሞ አትሳቅ። የዋርካዋን ነገር አልረሳኋትም። ተማሪ ሳለን ከፔዳ ግቢ ለአበል ብለን ልጅ ልንለካ የሄድን ጊዜ፣ እናትየው የልጇን ዕድሜ በእርግጠኝነት መናገር ያቃታት ጊዜ፣ "ሁለት ዓመት በለው፣ እንሂድ፣ ዝናብ መጣ" ያልኩህ እኔ ነኝ። ያኔ ቀልድ ነበር። አሁን ቁጥሩ ገብቶኛል፦ 79 ሴንቲሜትር የሆነ ልጅ ዕድሜው አሥራ ስምንት ወር ከሆነ ደህና ነው፣ ሁለት ዓመት ከሆነ ግን የቀነጨረ ነው። ስንቱን ልጅ በዝናብ ምክንያት እንዳቀነጨርን እንጃ። የዚህ ግምገማ ልጆች ዕድሜም እኮ የሚሞላው እንዲሁ ነው፣ በጥምቀት ሰሞን ተወለደ፣ በፍልሰታ ተወለደ እየተባለ። ከፕሮግራሙ መሃል የጠፉት ልጆች ደግሞ ከነጭራሹ ስሌት ውስጥ የሉም፤ የዳኑት ብቻ ተቆጥረው መቶኛው ያብባል።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ሐይቁን ተሻግሮ አንተ ጋ አልደረሰም። የጤና ኤክስቴንሽኖቹ በየወሩ የሚለኩት የክንድ ልክ መዝገብ ግን አንተ ጋ አለ፣ አይደል? ከነሐሴ እስከ ጥር ያለውን ብቻ ስጠኝ፣ ጽሕፈት ቤታችሁ ከፈቀደ። ስም አልፈልግም፣ ዕድሜና ቁጥር ይበቃኛል። ያለ ፕሮግራም የናንተዎቹም ልጆች እኩል ወፍረው ከተገኙ፣ ምን እንደምጽፍ አውቃለሁ። ካልወፈሩም ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው፣ ፕሮግራሙ ቢሠራ ማን ይጠላል። ሁለቱንም ሳላይ ግን እጄ አይፈርምም። ኮንትራቴ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው፣ ይህንንም እወቅልኝ። ፈሪ መሆኔን ታውቃለህ።

ባትልክም አልቀየምህም። ትንሽ ብቻ እቀየማለሁ።

እማማስ እንዴት ናቸው? ይሄን ከላይ መጠየቅ ነበረብኝ። አሁንም ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰው ነው ቡና የሚያፈሉት?

ያው እኔ