ሸክላ እኮ አይደሉም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ጥንት ግብፅ መቃብሮች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን ኡሻብቲ የሚባሉትን ትናንሽ ሰማያዊ ምስሎች «የሸክላ አሻንጉሊት» ማለታችሁ ልክ አይደለም። ብዙዎቹ ፋይንስ ናቸው። ፋይንስ ማለት የተፈጨ ኳርትዝ ወይም አሸዋ ከትንሽ ኖራና ከናትሮን (የተፈጥሮ ጨው ነው) ወይም ከእፅዋት አመድ ጋር ተለውሶ በእሳት የሚተኮስ ነገር ነው፤ ሰማያዊ ቀለሙ የመዳብ ሥራ ነው። መጫወቻም አልነበሩም። ሟቹ በወዲያኛው ዓለም እርሻ ቆፍር፣ አሸዋ ተሸከም ሲባል ምስሉ «አለሁ» ብሎ እንዲተካው ነው የተቀመጠው። ንጉሥም ከዚህ ሥራ አያመልጥም ነበር፣ አይገርምም? የግብፁ ንጉሥ ቱታንካሙን 413 ኡሻብቲዎች ነበሩት (የሱ እንኳ ሁሉም ፋይንስ አይደሉም፣ እንጨትም ድንጋይም አለባቸው)፦ 365ቱ ለየቀኑ ሠራተኛ፣ 36ቱ የነሱ አለቆች፣ 12ቱ ደግሞ የወር ተቆጣጣሪዎች። ሌላ ጊዜ ፎቶውን በቀለም አውጡልን፤ በጥቁርና ነጭ ምኑ ይታያል?