ለአባቴ፦ ስለ እጅዎ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? የደሴ ብርድ ጉልበትዎን እንዳያሳምምብኝ እሰጋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ናሆም ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ስምዎን ሲጠራ ያፏጫል፣ ፊደሉንም እስከ «ሸ» አድርሷል። ስለ እርሱ ብዙ ልጽፍልዎ እችላለሁ፤ ብዕር ያነሣሁት ግን ስለ ቆዳዎ ነው።

እህቴ ባለፈው እሑድ እንደነገረችኝ፣ አዲስ የታዘዘልዎን ሜቶትሬክሴት ከደም ግፊቱ ኪኒን ጋር በየጠዋቱ ሊውጡ ነበር። አባዬ፣ ይህ መድኃኒት ለሶሪያሲስ፣ ማለት ለዚህ ቆዳን ለሚያስቀርፍ ሕመምዎ፣ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከተወሰደ መቅኔን ይጎዳል፣ ሰው እስከ መግደልም ይደርሳል። ሐኪምዎ ሰኞ ካሉ ሰኞ ሰኞ ብቻ ይውሰዱት፤ ጉበትዎን እንዳይጎዳም አረቄው ለበዓል እንኳ ቢሆን ይቅርብዎ።

በልጅነቴ ያልገባኝን ነገር እዚህ ሜሪላንድ በመድኃኒት ቤት ሥራዬ ቀስ በቀስ ተረዳሁት። ከቆዳ ሥር ያሉ ጠባቂ ሕዋሳት ጠላት የገባ መስሏቸው ኢንተርሉኪን 23 የተባለ መልእክት ይልካሉ፤ መልእክቱ የደረሳቸው ቲ ሕዋሳት የሚባሉ ሌሎች የሰውነት ጠባቂዎች በተራቸው ኢንተርሉኪን 17ን ያመነጫሉ፤ የቆዳው ሕዋስም ይህ ሲደርሰው፣ ተወልዶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበት የነበረውን በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል፤ ሳይበስል ስለሚደራረብም ያ ነጭ ቅርፊት ይሆናል። ክፋቱ ቆዳው ራሱ መልሶ ሌሎች ጠባቂዎችን መጥራቱ ነው፤ ቀብሩ ካለፈ በኋላም ጥሩንባውን እየነፋ ሰፈሩን እንደሚቀሰቅስ የእድር ለፋፊ፣ ጥሪው አያባራም። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ጥፋቱን በቆዳው ላይ ብቻ ሲያደርጉ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የሰውነትን መከላከያ የሚገታው ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት ሕመሙን ሲያስታግስ ከታየ በኋላ ነው ዐይናቸው ወደ እነዚህ ሕዋሳት የዞረው።

ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ መልእክቱ ከራስዎ ሕዋስ ወደ ራስዎ ሕዋስ እንጂ ከእጅዎ ወደ ሌላ ሰው አፍ እንደማይሄድ እንዲያውቁልኝ ነው። ያ የጤና ባለሙያ «ተላላፊ ነው» ካለዎ ቀን ጀምሮ ምግብዎ ለብቻ በሳህን ይቀርብ ጀመር። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከመሶቡ ዳር አፌን ከፍቼ ጉርሻዎን ስጠብቅ እጅዎን ወደ ጋቢዎ መለሱት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ ያስቀየምኩዎ መስሎኝ ስንት ሌሊት አለቀስኩ። እኔን ለማዳን እንደነበር ባውቅም፣ አንድ ቃል ብቻ ቢነግሩኝ ኖሮ እያልኩ ዛሬም አዝናለሁ። ይህን በመጻፌ አይቀየሙኝ።

አሁን የፈራሁትን ልንገርዎ። ባለፈው ጥር በግራ ክርኔ ላይ ያው ቅርፊት ወጣ፤ ሐኪሟም አይታ ሶሪያሲስ መሆኑን ነገረችኝ። በጉርሻ አልመጣም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጅዎ ጎርሼ አላውቅምና። በዘር የሚተላለፈው ዝንባሌው ነው፤ ወላጁ የታመመ ልጅ ሁሉ አይታመምም፣ እኔን ግን አገኘኝ። እባክዎ ራስዎን አይክሰሱ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2022 የተፈቀደ፣ የኢንተርሉኪን 23ን መልእክት በሕዋሱ ውስጥ የሚያቀብለውን ታይክ 2 የተባለ ኢንዛይም የሚገታ ኪኒን አለ፤ ለእኔ ግን እስካሁን ቅባቱ በቅቶኛል። ናሆምን ሳጥብ ክርኑን ደጋግሜ እንደማይ ለእርስዎ ብቻ ልናገር።

ጣቶችዎ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ እንደሚሉ ሰምቻለሁ። ይህ ሕመም መገጣጠሚያንም ስለሚይዝ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከቆየ አጥንት ያበላሻል።

ለፋሲካ እንመጣለን። ምግብዎ ለብቻ በሳህን እንዳይቀርብ ለእህቴ ከወዲሁ ነግሬአታለሁ።

ልጅዎ