ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ስለ ዳቦ

ሰላም አንቺ አብሮ አደጌ፣

ሦስት ዓመት ጠፍቼ፣ አሁን ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ዳቦ ልጽፍልሽ ነው። መጀመሪያ ስድቡን ጨርሺው፣ እጠብቅሻለሁ። ጨረስሽ? እሺ። ምክንያት የለኝም። አንድ ቀን ስትደውዪ አላነሳሁም፣ ነገ እደውላለሁ አልኩ፣ ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ "ምን ብዬ?" እያልኩ ማፈር ጀመርኩ። በቃ ይኸው ነው።

አሁን ያስታወሰኝ ቴርሞሜትር ነው። አትሳቂ፣ እደርስበታለሁ።

ዳቦ መጋገር ጀምሬልሻለሁ። እኔ! "ውሃ የምታሳርር" እያልሽ የምትስቂብኝ። የሰፈራችን ዳቦ ከቀን ቀን እያነሰ ዋጋው ሲጨምር ራሴ ልጋግር አልኩና ኦቨን ገዛሁ። እንደ ሁሉም ሰው ከዩቲዩብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ቪዲዮ በጣም ታምራለች፣ ሙዚቃዋም ጥሩ ነው፣ ልኩ ግን ዱቄት "እስኪበቃው"፣ ውሃ "እንዳስፈላጊነቱ"፣ እርሾ "አንድ ማንኪያ"። የትኛው ማንኪያ? የሻይ ይሁን የሾርባ ማን ይንገረኝ። የሾርባውን አደረግሁ። ለገና ነበር፣ እንግዳ ጠርቼ። ሊጡ በግማሽ ሰዓት ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፍቶ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። ኦቨን ውስጥ ስከተው መሃሉ ስርጉድ አለ። ሲቆረስ ከላይ ዋሻ፣ ከታች ሊጥ። አማቴ ምንም አላሉም። እሱ ነው የባሰው።

ከዚያ ወዲህ ልኩን በግራም የማይጽፍ ሰው አላምንም። ኪንግ አርተር የሚባል እዚያ እናንተ አገር፣ አሜሪካ፣ ቬርሞንት ያለ ዱቄት አምራች አለ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1790 ጀምሮ የቆየ። ዱቄቱ እኔ ጋ አይደርስም፣ ድረ ገጹ ግን ነፃ ነው። እዚያ ላይ የዱቄቱ፣ የስኳሩ፣ የዘይቱ፣ የሁሉም ነገር ክብደት በሰንጠረዥ ተቀምጧል። አንድ የእነሱ ኩባያ ዱቄት 120 ግራም ይላል። እኔ ከከረጢቱ ጠቅጥቄ ስዝቀው ሚዛኑ 150 አለኝ። እና ለአራት ኩባያ አስቢው፣ ሳላውቀው አንድ ሙሉ ኩባያ ዱቄት እጨምር ነበር ማለት ነው! ሚዛን ግዢ፣ ሌላ ምንም አትግዢ። ደግሞ የሚደወልበት መስመር አላቸው፣ ዳቦሽ ሲበላሽ ደውለሽ ብሶትሽን የምታሰሚበት። አንቺ እዚያ ስላለሽ ተጠቀሚበት፣ እኔ በዚህ የስልክ ሒሳብ አልሞክረውም።

ሌላ ከኢንተርኔት ያገኘኋት ትልቅ ነገር የጋጋሪዎች ሒሳብ ናት። ዱቄቱ ሁልጊዜ 100 ነው፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይቆጠራል። ውሃ 65፣ ጨው 2፣ ደረቅ እርሾ 1 ወይም ከዚያ በታች። ለአንድ ኪሎ ዱቄት 650 ግራም ውሃ፣ 20 ግራም ጨው። አለቀ። ይህቺን ከያዝሽ የማንንም አሠራር ገና ሳትጀምሪው ትፈትሺዋለሽ። ባለፈው አንዱ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 25 ግራም ጨው ብሎ ለጥፏል፤ አምስት በመቶ እኮ ነው፣ ምላስሽን ነው የሚልጠው። ከሥሩ ደግሞ ሰው ሁሉ "እጅሽ ይባረክ" እያለ።

ያን የገና ዳቦ የቀበረው ግን የማንኪያው ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ከፍታውም አለበት። የኢንተርኔቱ አሠራር አብዛኛው ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፣ እሷማ ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት)። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ሊጡን ከላይ የሚጫነው ሲያንስ ጋዙ ቶሎ ይነፋዋል፣ ገና ጉልበት ሳይዝ፣ ከዚያ እሳት ሲያይ ይወድቃል። ይህን የሚያስረዳ ነገር ስፈልግ ስፈልግ የት ባገኘው ጥሩ ነው? አንቺው ሰፈር! የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከፍታ ላይ ለሚጋግር ሰው ምክር ያወጣል፣ ኪንግ አርተርም ለዚሁ ብሎ ለብቻው ያዘጋጀው ገጽ አለው። እርሾውን በሩብ ቀንሺ፣ ሁለት ጊዜ ኩፍ ይበል፣ ደረቅ አየር ዱቄቱንም ስለሚያደርቀው ውሃ ጠብ አድርጊ፣ ሰዓቱን ትተሽ ሊጡን እዪ። እጥፍ ሆነ? በቃ፣ አትጠብቂው። እንዲህ ካደረግሁ ወዲህ አንድም አልሰረጎደብኝም፣ መብራት የጠፋብኝን ሳልቆጥር።

አሁን ወደ ቴርሞሜትሩ። አንድ አሠራር ላይ "ዳቦው ውስጡ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጪው" ይላል። የእህቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ አስመጣሁና ሰካሁበት። 90 አለ። 91። 92። ቆመ። ጠበቅሁ፣ ሌላ ሃያ ደቂቃ ጨመርኩ፣ ያው 92። ቻይና አታለለኝ ብዬ ተራገምኩ። ዳቦው ሲወጣ ቅርፊቱ ቢላ ይሰብራል። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፣ እኛ ጋ ውሃ ራሱ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ዳቦው ውስጡ እርጥበት እስካለ ድረስ ከዚያ አያልፍም! አሠራሩን የለጠፈችው ልጅ የጻፈችው በባሕር ጠለል ልክ ነው። ከዚያ ያንቺን ከተማ፣ የዴንቨርን አየሁ፣ 1,600 ሜትር፣ ውሃ የሚፈላው 95 ላይ። አንቺም ጋ 96 የለም። ያኔ ነው "ይቺ ልጅ እዚያ ድንጋይ እየጋገረች ይሆን?" ብዬ ስልኬን ያነሳሁት። እኔ አሁን 90 ላይ አወጣዋለሁ፣ ሥሩን ቆርቆር ሳደርገው ባዶ ሣጥን የመሰለ ድምፅ ካሰማ ደርሷል።

ዩቲዩብን ጭራሽ አልተውኩትም። እጅ ለማየት የሚያክለው የለም። ሊጡን በጣት ወጥረሽ ሳይቀደድ ብርሃን ካሳለፈ በደንብ ታሽቷል የሚባለውን አሥር ጊዜ ባነበው አልገባኝም ነበር፣ አንዴ ሳየው ገባኝ። ድምፁን አጥፍቼ ነው የማየው።

ድፎ ግን እስካሁን እምቢ ብሎኛል። ኮባው አለ፣ ጥቁር አዝሙዱ አለ፣ ያ የእናትሽ ዳቦ ግን የለም። አሁንም ይደፋሉ አይደል? በኮባ ፈንታ የሙዝ ቅጠል ነው የምትጠቀሙት? ስንት ዱቄት ያደርጋሉ ብለሽ እንዳትጠይቂያቸው፣ "በዓይኔ ነው" ነው የሚሉሽ። ሳይጀምሩ የዱቄቱን ከረጢት መዝኚው፣ ሲጨርሱ ድጋሚ መዝኚው። የውሃውን ጆግም እንደዚያው። ሳያዩሽ። ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ፣ የቀረውን እኔ አሰላዋለሁ።

እሁድ ማታ እደውላለሁ፣ ለእናንተ ጠዋት ነው። አንድ ጊዜ ያለማንሳት መብት አለሽ፣ እኔም አላነሳሁልሽም ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን አንሺ።