ሁለተኛው ጥያቄ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን በሰልፍ ሰዓት ከሚያቀርበው ዜናና ግጥም ሌላ ዘንድሮ ፖድካስት ጀምሯል። እንግዶቻችን በግቢው በየቀኑ የምናገኛቸው ሰዎች ናቸው፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፣ የጥበቃው አባባ፣ ጡረታ የተቃረቡ መምህራን። ዓመቱን ሙሉ የለፋነው ግን በአንድ ነገር ላይ ነው። ጥያቄ አጠያየቅ።

በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ልጆቹ ጥያቄያቸውን በወረቀት ጽፈው ይመጡ ነበር። ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ዓይናቸው ከወረቀቱ አይነሳም። አንድ ቀን የጥበቃው አባባ ስለ ወጣትነታቸው ሲያወሩ «ከዚያ በኋላ ወደ አገሬ አልተመለስኩም» አሉ። ጠያቂያችን ወደሚቀጥለው ተራ ቁጥር አለፈች፦ «ትርፍ ጊዜዎን በምን ያሳልፋሉ?» ቀረጻውን አብረን ስንሰማ ክፍሉ በሙሉ «ለምን አልተመለሱም?» አለ። ልጅቷም ጭምር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱ ጀመር። ከወረቀት የሚነበበው የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከመልሱ ውስጥ መውጣት አለበት። ሲጀመር ዝም ብለው ይተያዩ ነበር። ቆይቶ ግን «ያኔ ማን አብሮዎት ነበር?»፣ «እስቲ ያን ቀን ይንገሩን» ማለት መጣ። «ሥራዎን ይወዱታል?» ካሉማ መልሱ «አዎ» ነው፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። «ምን ተሰማዎት?» እና «በመጨረሻ የሚያስተላልፉት መልዕክት ካለ» የሚሉትን ደግሞ ለጊዜው ከልክለናል። እንግዳው የለመደውን መልስ እንዲሰጥ ያደርጉታልና።

ለአርአያነት የሸገር ኤፍ ኤም 102.1ዋን የሬዲዮ ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩን መርጠናል። ከአንድ እንግዳ ጋር የምታደርገው ጨዋታ ለሳምንታት የሚዘልቅበት ጊዜ አለ። ልጆቹ ያንን አለመቸኮል እንዲያስተውሉ ፈልጌ ነበር። እንግዳ ዝም ሲል ጥያቄው ያልገባው ይመስላቸዋል፤ ቶሎ ብለው ሌላ ይደርባሉ። ትልልቅ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ዋናውን የሚናገሩት ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ነው።

በጣም ያስቸገረን «እህ» ማለት ነው። እኛ ዘንድ አዳማጭ «እህ»፣ «እሺ» ካላለ፣ ወይም ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ካልተቀበለ፣ የሰማ አይመስልም። ማይክ ላይ ግን የተናጋሪውን ቃል ይሸፍናል። ስለዚህ በዓይንና በራስ ንቅናቄ መቀበልን ተለማመድን። አሁንም የሚያመልጣቸው አሉ።

ስለ ቀረጻው ባጭሩ፦ ስልኩ በአውሮፕላን ሁነታ ይሆናል፣ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል፤ ዝናብ ሲጥል በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አንቀርጽም። አርትዖቱን የምንሠራው ኦዳሲቲ በተባለው በነፃ በሚገኝ የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት የጥበቃውን አባባ እንደገና ጋበዝናቸው። የጠየቀቻቸው ያችው ልጅ ናት። የነገሯትን ሁሉ አላሰማንም። አንዱን ክፍል «ይኼ እዚሁ ይቅር» ስላሉን ቆርጠን አውጥተናል። እንግዳው ቀረጻው ከመተላለፉ በፊት ሰምቶ ያልፈለገውን ማስቀረት ይችላል፤ አሁን የክበቡ ደንብ ነው።

በ2018 የሠፈሩን ሸማኔዎችና የጉልት ነጋዴዎች ለማነጋገር አስበናል። የቀረጻ ክፍላችን ድምፅ ያስተጋባል። አሮጌ መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ያላችሁ ወላጆች ብትለግሱን ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን። አዲስ አባላትን የምንመዘግበው መስከረም ላይ ነው።