በሚለበስ ሮቦት የመራመድ ልምምድ ሳደርግ ስለደረሰብኝ ቁስል የቀረበ ቅሬታ

ለተሃድሶ ሕክምና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ልኬት ሳይስተካከል የተሰጠን ሕክምና ይመለከታል

በ10ኛው የደረት አከርካሪ አጥንቴ ደረጃ በህብለ ሰረሰሬ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት እግሮቼ ስሜት የላቸውም። በሚለበሰው ሮቦት፣ ማለትም በኤግዞስኬሌተን፣ የመራመድ ልምምድ ለማድረግ ከማዕከላችሁ ጋር ለ24 ክፍለ ጊዜ ተዋውያለሁ። የመጀመሪያዎቹን 9 ክፍለ ጊዜያት የያዘችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የጭኔንና የቅልጥሜን ርዝመት እንዲሁም የዳሌዬን ስፋት ለክታ፣ የሮቦቱ የዳሌና የጉልበት መታጠፊያ በእኔ መገጣጠሚያ ትክክል መዋሉን በእጇ ዳስሳ ሳታረጋግጥ አንድም ቀን አስነስታኝ አታውቅም፤ ይህንን ሳልመሰክር ቅሬታዬን ማቅረብ አልፈልግም።

በ10ኛው ቀን የተተካው ባለሙያ ግን ሮቦቱን ከእኔ በፊት የነበረው ታካሚ በተጠቀመበት ርዝመት እንዳለ አለበሰኝ። ልኬቴ የት እንደተመዘገበ ብጠይቀው «በዓይን ይታያል፣ ልክ ነው» አለኝ። በእያንዳንዱ እርምጃ የቅልጥሜ ማሰሪያ ወደ ላይ ሲንሸራተት በፊት ለፊቴ ባለው መስታወት ይታየኝ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ልምምዱ ግን አልቆመም። መታጠፊያዎቹ ካልገጠሙ ማሰሪያው ቆዳን ይፍቃል። ስሜት ያለው ሰው ስለሚያመው ያስቆማል፤ እኔ አያመኝም፤ ስለዚህ ሊጠብቀኝ የሚችለው የባለሙያው ዓይን ብቻ ነበር።

ማሰሪያው ከተፈታ በኋላም ቆዳዬን ያየ ሰው ሳይኖር ወደ ዊልቸሬ ተመለስኩ። ማታ ልብሴን ሳወልቅ በግራ ቅልጥሜ ፊት ለፊት የክብሪት ቀፎ የሚያክል ስፍራ ከሌላው ቆዳ ጠቆር ብሎ አገኘሁት፤ ስዳስሰውም ይሞቅ ነበር። ጠዋት አልጠፋም፤ በ3ኛው ቀን ተልጦ ቁስል ሆነ። ቁስሉ እስኪድን 5 ሳምንት ሮቦቱን መልበስ አልቻልኩም።

ይባስ ብሎ፣ በእነዚህ ሳምንታት ያለፉኝ 10 ክፍለ ጊዜያት «ታካሚው ባለመገኘቱ» ተብለው ከውሌ ተቀንሰዋል። የዚያን ቀን ሪፖርት ደግሞ 412 እርምጃ መራመዴን እንደ ጥሩ ውጤት ይጠቅሳል፤ መሣሪያው እርምጃ እንጂ ቁስል አይቆጥርምና አልፈርድበትም።

ስለዚህ የተቀነሱት 10 ክፍለ ጊዜያት እንዲመለሱልኝ፣ የልኬቴ ቅጽና የ10ኛው ቀን መዝገብ ግልባጭ እንዲሰጠኝ፣ ከአሁን በኋላም ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊትና በኋላ ቆዳዬ ታይቶ በጽሑፍ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የማዕከሉ ታካሚ